ጋሽ ተካልኝን ምን ነካቸው?

እኛ ሐበሾች ለሆድ ያለንን አክብሮት ለጭንቅላት ነፍገነዋል። አንዱ ሆዱን ያመመው እንደሆነ ቤቱ በጠያቂ ይሞላል፤ ዳማከሴው ይጨመቃል፣ አጥሚቱ ይሞቃል። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ግን «በረዶ አድርግበት፣ ምንም አትሆንም» ተብሎ ወደ ሥራው ይሸኛል። ከዚያ ጠባዩ የተለወጠ እንደሆነ «ነካ ያደርገዋል» እንላለን። ልብ በሉልኝ! ነካ ያደርገዋል እንላለን እንጂ ምን እንደነካው የሚጠይቅ የለም። መቼ ነካው? ኧረ የት ላይ? ይህን እንደመጠየቅ ሽማግሌ እንሰበስባለን።

እኔም አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በስደት በምንኖርባት በሳን ሊያንድሮ ከተማ፣ ሰው ቤት ሶፋ ላይ ተኮፍሼ የተገኘሁት በዚሁ ምክንያት ነው። ሽበቴ ከዕድሜዬ ቀድሞ ስለመጣ ሰው ከሽማግሌ ይቆጥረኛል። እኔም አላስተባብልም። ከጎኔ ጋሽ ገብረየስ ነበሩ፤ ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም ይባላል፣ በተለይ እሳቸው ይሉታል።

የምናስታርቃቸው ጋሽ ተካልኝንና ባለቤታቸውን እትዬ አስካለን ነው። ጋሽ ተካልኝ ኦክላንድ አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ የሚያመላልሱ ሾፌር ናቸው፤ ቁጣ የማያውቁ ሰው። ሲናደዱ ወርደው መኪናቸውን ያጥባሉ፣ በቃ። ትዳራቸው እንዴት እንደዋለ ማወቅ የፈለገ ጎረቤት መኪናውን ማየት ይበቃው ነበር፤ ካበራ ነገር አለ። እኒህ ሰው ናቸው እንግዲህ ሰሞኑን ሳህን የወረወሩት፣ ሚስታቸውን ሌባ ያሉት፣ ዓመታት የነዱበት መንገድ ላይ መውጫው የጠፋባቸው። የሚያውቋቸው ሁሉ «ሰይጣን መሐላቸው ገባ» አሉ። ስለዚህ እኛም ገባን።

እትዬ አስካለ ውኃ እንኳ ሳያቀርቡልን ነገሩን ጀመሩት። እሳቸው ቤት ሳይቀምሱ መቀመጥ ብቻውን የአደጋ ምልክት መሆኑን ያኔ መጠርጠር ነበረብን።

«ከተካልኝ ጋር አልተጣላሁም» አሉ። «ይሄ ተካልኝ አይደለም። እዚያ ካስትሮ ቫሊ ሰፈር፣ ሰው ዕቃ ሲያነሳ ሲያግዝ የጋራዥ በር ጭንቅላቱን መታው። ሳቀ፣ በረዶ አደረገበት፣ ተረሳ። ለልቡ ደግሞ ደም ማቅጠኛ ይወስዳል። ከዚያ ወዲህ እየባሰበት ሄደ። ሐኪም ቤት እንሂድ ብለው በር ዘጋብኝ።»

ይህን ሲሉ ጋሽ ተካልኝ ግድግዳውን እየተደገፉ ከመኝታ ቤት ወጡ። ልብሳቸው ከትናንት ጀምሮ አልተለወጠም። «ቁልፌን አምጪ!» ብለው ጮኹ። ጋሽ ገብረየስን አይተው ደግሞ «ይሄን ለፍላፊ ማን አስገባው?» አሉ። እውነት ለመናገር ስድቡ መሠረት አልነበረውም ማለት ይከብዳል፤ ከጋሽ ተካልኝ አፍ መውጣቱ ነው ያስደነገጠን።

«ለድንገተኛ አደጋው፣ ለናይን ዋን ዋን እንደውላለን» አሉ እትዬ አስካለ።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉ ጋሽ ገብረየስ። «ጸበል ወስደን እንየው መጀመሪያ።»

«ሳይቃጠል በቅጠል» መለሱ እትዬ አስካለ። «ጸበሉንም እወስደዋለሁ፤ ጭንቅላቱ ከታየ በኋላ።»

ያኔ ጋሽ ገብረየስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሁላችንንም ፍርሃት ተናገሩት። «ፖሊስ ይመጣል እኮ፣ አስካለ። ጥቁር ሰው ነው፣ ይጮኻል፣ እንግሊዝኛው ጠፍቶበታል።»

«ይህን መቼ አጣሁት? እናንተን የጠራሁት ለምን መሰላችሁ? እንድትፈርዱ አይደለም። ደጁ ላይ ቆማችሁ ሰው መሆኑን እንድትመሰክሩልኝ ነው።»

ለካስ ሽማግሌ ሳንሆን አጥር ኖረናል!

ደወለች ልጃቸው ሜሮን፣ ከሳን ሆዜ ለዚሁ የመጣችው። አማርኛ ትሰማለች፣ መልሷ እንግሊዝኛ ነው። እናቷ «መሣሪያ የለውም በያቸው፣ መጀመሪያ እሱን!» ሲሏት «አይ ኖው፣ ማም፣ አይ ኖው» እያለች፣ እንባዋ እየወረደ፣ ድምፅዋ ግን ሳይንቀጠቀጥ አስረዳች። አባቴ ነው። ጭንቅላቱን ተመትቷል። ግራ ገብቶታል። መሣሪያ የለም። ይህን ደጋግማ አለች።

እኛም በሱፍና በነጠላ፣ እጃችንን አንጠልጥለን ደጅ ቆምን። ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ ነው። ጋሽ ገብረየስ በሕይወታቸው አጭሩን ንግግር አደረጉ፦ «ሲክ። ኖ ገን። ጉድ ማን።» ፖሊሱ አያቸው፣ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ፣ ደረጃው ሥር ቀረ። ተከትላ የደረሰችው የአምቡላንስ ሴትዮ ብቻዋን ገብታ፣ ጋሽ ተካልኝ ከተቀመጡበት ወንበር ፊት ለፊት ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለች። እሳቸው በአማርኛ አወረዱባት።

«ምን እያለ ነው?» ብላ ወደኔ ዞረች።

«እንኳን ደህና መጣሽ ነው የሚለው» አልኳት። ይሉኝታ ይዞኝ።

«አትዋሽ!» ጮኹ እትዬ አስካለ። «እንዳለ ተርጉምላት። ስድቡም በሽታው ነው!»

ተረጎምኩ። «የቀበሌ ሰላይ ነሽ፣ ማን እንደላከሽ አውቃለሁ» የሚለውን ወደ እንግሊዝኛ መመለስ እንዴት እንደሚያልብ የሞከረው ያውቀዋል። ሴትዮዋ ግን አልሳቀች፣ አልተቆጣች። ሁለት እጃቸውን ወደፊት እንዲዘረጉ በምልክት አሳየቻቸው። ዘረጉ። ቀኝ እጃቸው ባለበት ቆየ፤ ግራው ቀስ እያለ፣ እንደደከመው ሰው፣ ወረደ። ያን ጊዜ አማርኛም እንግሊዝኛም አላስፈለገንም።

ሆስፒታል ገብተው ጭንቅላታቸው በማሽን ሲታይ፣ ከራስ ቅሉ ሥር ደም ቀስ በቀስ ተጠራቅሞ አንጎላቸውን ይጫነው ኖሯል። ሐኪሟ «ዛሬ መምጣታችሁ በጀ» ብላ ወደ ቀዶ ጥገና ወሰደቻቸው። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ጋሽ ገብረየስ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ያዞራሉ። በመጨረሻ «ከደም ጋር ልናስታርቃት ነበር እኮ የመጣነው» አሉ። የእትዬ አስካለ ዓይን በሩ ላይ ነበር።

በማግስቱ ጋሽ ተካልኝ ሲነቁ ሚስታቸውን አዩ፣ እኛን አዩ፤ በሰለለ ድምፅ «አስኩዬ፣ እንግዶቹ የቀመሱት ነገር አለ?» አሉ። ያን ሁሉ ቀን ጠብ ያላለው የእትዬ አስካለ እንባ በዚያች ጥያቄ ወረደ።

ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ሌላ ሆኗል። በቅርቡ ሳን ሆዜ የሚኖር አንድ ጎልማሳ ቤተሰቡን ያስጨንቃል ተብሎ ለዕርቅ ተጠራን። እትዬ አስካለ ቀደሙን፤ መጀመሪያ ሐኪም ቤት ብለው ይዘውት ሄዱ። ጭንቅላቱ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ ግን አላሰናበተውም፤ «እንቅልፍህ እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቀው። ያ ሰውን ሁሉ ሲጮኽበት የከረመ ሰው እንደ ሕፃን አለቀሰ። ወራት ሙሉ አልተኛም ነበር። አሁን የሚያናግረው ባለሙያ አለው፣ መድኃኒትም ጀምሯል፤ ደህና ነው። የኛ ዕርቅም ቀረ።

ጋሽ ገብረየስ ቅር አላቸው። «እንዲህ ከሆነማ ለሽማግሌ የሚተርፍ ነገር ሊጠፋ ነው» አሉኝ።

«አይስጉ» አልኳቸው። «ጭንቅላቱ ታይቶ ምንም ያልተገኘበት፣ እንቅልፉንም ለጥ ብሎ የሚተኛ፣ እንዲያው በጤናው የሚጣላ ሰው ሞልቶልናል።»