የመምህርት ስርጉት የክብር አቀባበል

ብልህ ተቋም ሰው ከሩቅ ያስመጣል፤ ደጁ የቆመውንማ ማንም ያገኘዋል። በሸሕዲ መንገድ ዳር የሚገኝ አንድ ኮሌጅ ይህን ጥበብ ከመሠረት ድንጋዩ ጋር አብሮ ተክሎታል። ተማሪዎቹ የሰሊጥ አራሽና የቀን ሠራተኛ ልጆች፣ ሁሉም የቆላ ተወላጆች ናቸው። መምህራኑ ግን «ብዝኃነትን ያረጋገጡ» ነበሩ፤ አንዱ ከደብረ ታቦር፣ አንዱ ከደብረ ማርቆስ፣ አንዱ ከደሴ። የለመዱት ብርድ እንኳ ልዩ ልዩ ነው።

ወይዘሮ አይናዲስ፣ ልጇ ስርጉት በማዕረግ ተመርቃ እዚያው ለማስተማር ባመለከተች ጊዜ፣ እንደ ልማዷ ክፉ ክፉውን አሰበች። ኮሌጁም አላሳፈራትም።

«ምን ጎደላት ጌታዬ?» አለች ዲኑ ፊት ቆማ።

«ምንም አልጎደላትም እናቴ፤ ችግሩ እሱ ነው» አሉ ዲን ደረበ ዓይናቸውን ከስልካቸው ሳያነሱ። «ቁርጥ ተማሪዎቻችንን ናት። ልዩነት አታመጣም፤ ብዝኃነታችንን ታሳንስብናለች።»

«ከዚህ አገር ሰው እኮ አንድም አልቀጠራችሁም!»

«ዘበኞቹስ?» አሉ ዲኑ ቅር ብሏቸው።

ስርጉት ደብረ ታቦር ሄዳ ሥራ አገኘች። አይናዲስ «ብርድ ይገድልብኛል» እያለች እንቅልፍ አጣች። ክረምቱ እንደ ወጣ ግን ወባ የሸሕዲውን ብዝኃነት በየተራ አልጋ ላይ ጣለው፤ የተሻለውም ሁሉ የበረሃ አበሉን ተቀብሎ አውቶቡስ ተሳፈረ። ኮሌጁ ደንግጦ «ከደጋ የሚመጣ መምህር እፈልጋለሁ» ብሎ አወጀ። ስርጉት ከደብረ ታቦር አመለከተች፤ ወዲያው ተቀጠረች።

አቀባበሉ ደማቅ ነበር። ዲኑ አጎበር በስጦታ አበረከቱላት።

«መምህርት፣ ሐሩሩ መጀመሪያ ይከብድዎታል። የበረሃ አበልዎ ተፈቅዷል። ሕዝቡም ቢሆን ሲለምዱት ጥሩ ነው።»

ከአጨብጫቢው መሐል የቆመችውን እናቷን ስታይ ስርጉት አላስቻላትም። «እማ!» ብላ ተጠመጠመችባት።

አይናዲስ እንደ ልማዷ ክፉውን አሰበች። አሁን ያውቁባትና ያባርሯታል!

«ትተዋወቃላችሁ እንዴ?» አሉ ዲኑ።

«ኧረ የት አውቄያት!» አለች አይናዲስ፣ የልጇን እጅ ከአንገቷ እያላቀቀች። «የደጋ ሰው ፍቅሩ አይጣል ነው። ማደሪያ ካጣች ግን ባዶ አልጋ አለኝ፤ ልጄ አገር ለቃ ሄዳለች።»

«ምነው? እዚህ ሥራ አጥታ ነው?» አሉ ዲኑ ከልባቸው አዝነው።

«አጥታ ነው ጌታዬ። ምንም ሳይጎድላት፤ ችግሩም እሱ ሆኖ።»