ለአጠራጣሪ ፋይሎች የተደረገ ክቡር አቀባበል

ጥበብ ወደ ገጠር ስትወርድ መጀመሪያ የምታርፈው ጋዜጣ ቢሮ ነው። በኒው ሳውዝ ዌልስ የስንዴ ማሳ መሐል በተቀመጠችው በዋራንዱ ደግሞ ያረፈችው በሚስተር ሌስተር ፔንሮዝ ትከሻ ላይ ነበር። ሌስተር «የዋራንዱ ድምፅ» የተባለው ሳምንታዊ ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ ናቸው። ሐሙስ ጠዋት ጋዜጣቸው ካልወጣ የዋራንዱ ሰው ማን እንደ ሞተ፣ የማን በግ እንደ ጠፋ፣ ምናልባትም የራሱን ስም ሳያውቅ ይውላል ብለው ከልባቸው ያምናሉ። የጋዜጣው ቦርድ ሰብሳቢ፣ በግ አርቢው ክላይቭ፣ ይህን እምነት አይጋሩም። «የዓመታዊው የግብርና ትርኢት እትም በሰዓቱ ካልወጣ ቢሮውን እንዘጋዋለን» ብለው ቁርጡን ነግረዋቸዋል።

በዚያው ሰሞን የጋዜጣው ገጾች የሚቀናበሩበት የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠሪዎች ማስጠንቀቂያ ላኩ። ፕሮግራሙ ቀዳዳ ተገኝቶበታል፤ ክፉ ሰው ያዘጋጀው ፋይል ከተከፈተበት ኮምፒውተሩን ለላኪው ያስረክባል፤ ማሻሻያውን ባስቸኳይ ጫኑ፣ ምንጩን የማታውቁትን ፋይል አትክፈቱ ይላል።

ገጽ አቀናባሪዋ ዶሪን አንብባ ቀና አለች።

«ሌስተር፣ ይሄን ማሻሻያ ልጫነው?»

«እንዳትነኪው! ባለፈው ስትጭኚ የጋዜጣው ስም ወደ ግራ ሸሸ። ሰው ሁሉ ሰክራችሁ ነው ወይ አለን።»

«ሰክረህ ነበራ!»

«እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ሌስተር ወረቀትም ስለሚያሳትሙ አያያዛቸው ድርብ ነበር።

ደግሞስ ታላቅ ሰው አደጋን እንደ ተራ ሰው ይሸሸዋል? ጠርቶ ያነጋግረዋል እንጂ። እናም በፊት ገጽ ላይ በደማቁ የተጻፈ ማሳሰቢያ ወጣ፦ «ውድ አንባቢያን፣ አጠራጣሪ ፋይል ከደረሳችሁ ራሳችሁን ለአደጋ እንዳታጋልጡ። ወደ ቢሮአችን ላኩት። እኛ ከፍተን አይተን ውጤቱን እናሳውቃችኋለን።»

የዋራንዱ ሰው ለጋስ ነው፤ ያለውን ሁሉ ላከ። ዳቦ ጋጋሪዋ ላከች፣ ቄሱ ላኩ፣ የእግር ኳሱ ክለብም አልቀረም። ዶሪን እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ታያለች።

«ይሄኛው ‹የሟቹ አጎትዎ ኑዛዜ› ይላል።»

«ክፈቺው።»

«አጎትህ እኮ አልሞተም። አሁን ቢራ ቤት አይቼው መጣሁ።»

«እንግዲያማ ትልቅ ዜና ነው! ክፈቺው እንጂ።»

«ሌስተር፣ ሌባ ቢሆንስ?»

«እዚህ አገር በሩን የሚቆልፍ ከሲድኒ የመጣ ብቻ ነው። ደጅ የመጣን እንግዳ እያቆምሽ አታሰድቢን!»

እንግዳው ገባ። ረቡዕ ከሰዓት፣ የአሸናፊው አውራ በግ ፎቶግራፍ ገጹ ላይ ገና እንደ ተቀመጠ፣ ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ጠቆሩና አንድ ጽሑፍ ብቅ አለ፦ «ፋይሎቻችሁ በሙሉ ተቆልፈዋል። መደራደር ከፈለጋችሁ ጻፉልን።»

ክላይቭ ወሬውን ሰምተው ከነጭቃ ቦቲያቸው ደረሱ።

«ምን ተፈጠረ?»

«ጥበቃችን ተጠናከረ፣ ወዳጄ» አሉ ሌስተር፣ ደረታቸውን ነፍተው። «ይህ ቢሮ ከተከፈተ ጀምሮ ገና ዛሬ በደንብ ተቆለፈ። እኛ እንኳ መግባት አንችልም!»

ክላይቭ ባርኔጣቸውን አውልቀው መልሰው አጠለቁ።

«ስማ ሌስተር፣ ነገ ሕዝቡ ይፍረድ። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ‹ጋዜጣዬ የታለ?› ብሎ ከጠየቀ ቢሮው ይቀጥላል። የሚጠይቅ ከጠፋ ግን ቁልፉን ታስረክበኛለህ።»

«አንድ? ስልኩ በጩኸት ካልፈነዳ ምን አለ በለኝ!»

ሐሙስ ነጋ። ጋዜጣው አልወጣም። ሌስተር የስልኩን እጀታ ጨብጠው ተቀመጡ። ሕዝቡ ልጆቹን ይዞ፣ እየሳቀ፣ ወደ ትርኢቱ ሜዳ ይነጉዳል። ስኮን በሚባለው ትንሽ ዳቦ ጋገራ ውድድር ማን እንዳሸነፈ፣ ማን ዳኛውን እንደ ሰደበ፣ ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሁሉም ያውቃል። ሌስተር ልባቸው ተሰበረ፤ ዕድሜ ልካቸውን ለማን ሲጽፉ እንደኖሩ ጠፋቸው።

ረፋድ ላይ ዳቦ ጋጋሪዋ አንገቷን በበሩ አስገባች። ሌስተር ብድግ አሉ።

«ጋዜጣ ፈልገሽ ነው?»

«አዎ! አሮጌ ካለህ ለምድጃ መለኮሻ።»

ሌስተር ተመልሰው ተቀመጡ፤ ቁልፉንም ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ይሄኔ የጠቆረው ኮምፒውተር ድንገት በራና ከሌባው አዲስ መልእክት መጣ፦

«ኧረ ምነው ዝም አላችሁ? ጋዜጣው ዛሬ አይወጣም እንዴ?»

ሌስተር ሁለት ጊዜ አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው ዐይናቸውን ጠረጉ።

«ዶሪን! ክላይቭን ጥሪልኝ» አሉ፣ ቁልፉን ወደ ኪሳቸው እየመለሱ። «አንባቢ አለን!»