ሰው የቀረበት ደቦ

ሰው ሁሉ አንዳንድ የማይረባ አመል አለው። አንዱ ዳማ ሲጫወት ይውላል፤ ሌላው በየዓመቱ ያንኑ ግድግዳ ቀለም ይቀባል፤ እኛ ትምህርት ቤት የነበረ አንድ የሒሳብ መምህር ደግሞ ደህና የሚሠራ ሰዓት ፈትቶ ካልገጠመ አይሆንለትም ነበር። ከገጠመ በኋላ ሁልጊዜ አንድ ብሎን ይተርፈዋል፤ ሰዓቱም ይቆማል። ልብ ብላችሁ እንደሆነ እንዲህ ያሉ ሰዎች ክፋት የለባቸውም። ደህና ነገር ደህና ሆኖ ሲቀመጥ ማየት አይችሉም፣ ይኸው ነው። እኔም ከእነሱ ወገን ነኝ። ልዩነታችን፣ እሱ ከጥገናው በኋላ ብሎን ተረፈው፤ እኔ ሰው ጎደለኝ። እሱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ፍኖተ ሰላም ባዮሎጂ አስተምር በነበረበት ጊዜ ነው። ባጃጅ ገብቶ ከጋሪ ጋር መንገድ የሚጋፋበት፣ የመንግሥት ሠራተኛው ሁሉ አንድ ለአምስት የተደራጀበት፣ አንዱ ሲናገር አምስቱ ራሳቸውን የሚነቀንቁበት ዘመን። በዚያ ዘመን አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ገዛሁና ባሕር ዳር ወስጄ የሙዚቃ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር አስጫንኩበት። ክራር እመታለሁ። ደህና አልመታም፤ ግን እመታለሁ። ሶፍትዌሩ ከመጣ ወዲህ ግን ክራሩ ምስማሩ ላይ አቧራ ጠጣ። ምክንያቱም አንድ ዘፈን ለመቅዳት አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ለማስተካከል ደግሞ ስምንት ወር አይበቃም። ሚክሲንግ የሚሉት ነገር ባጭሩ ዳኝነት ነው፤ አንተ ዝቅ በል፣ አንቺ ከፍ በይ፣ እናንተ ደግሞ ውጡ። ክፍል ውስጥ ማንም የማይሰማው መምህር እንዲህ ያለ ሥልጣን ሲያገኝ ምን እንደሚሆን እናንተው ገምቱት። ከሁሉ ከሁሉ ኢኮ የምትባለዋን ቁልፍ ወደድኩ። ሰውዬውን ገደል አፍ ላይ ቆሞ የሚጣራ ታስመስለዋለች። ያገኘሁትን ሁሉ ኢኮ ውስጥ ነከርኩት፤ የሚያስቆመኝ የመብራት መጥፋት ብቻ ነበር።

የምኖረው ዘመናይ የምትባል ሴት ግቢ ተከራይቼ ነው። እናቷ እማማ ይታይሽ ከጅጋ ወዲያ ካለው ገጠር ለገበያ ሲመጡ ልጃቸው ቤት ያርፋሉ። አንድ ቀን ግድግዳው ማዶ ሆነው፣ እኔ አንዲት የክራር ምት ቆርጬ ይዤ ደግሜ ደጋግሜ ሳጫውታት ሰሙ። ቢቸግራቸው ልጃቸውን ጠየቋት።

“ምነው፣ ይኼ ልጅ ምን ቢያጠፋ ነው አንዲት ነገር አርባ ጊዜ የሚያስደግሙት?”

ዘመናይ ቅጣት እንዳልሆነ፣ ድምፅ እያጠራሁ እንደሆነ ነገረቻቸው። ያቺ “ያጠራል” የምትል ቃል ናት ጉድ የሠራችኝ። በሚቀጥለው ገበያ እማማ ይታይሽ በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ካሴት ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት።

ድምፁ የባለቤታቸው የአያ ልየው ነበር። አያ ልየው ካረፉ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል። በሕይወት ሳሉ የአገሩ አውራጅ ነበሩ። ከተሜ ለሆናችሁ ላስረዳ፤ ደቦ ተጠርቶ ሠላሳ አርባ ሰው ዳጉሳ ሲያርም ግጥሙን እያወጣ የሚመራ ሰው አለ፤ እሱ አውራጅ ነው፤ የቀረው ተቀባይ ነው። አያ ልየው የመጣውን ሰው ሁሉ በየስሙ እየጠሩ ያወርዳሉ፤ የተጠራው ከነጓዶቹ “አሆ!” ብሎ ይቀበላል፤ አረሙም እየተነቀለ ይሄዳል። አንድ ክረምት ወንድ ልጃቸው በቴፕ ቀዳቸው። ፎቶ ተነሥተው አያውቁም፤ ከእሳቸው የቀረው ይኸው ካሴት ብቻ ነው።

“ድምፁ መጎተት ጀመረ፣ መምህር” አሉኝ። “እንደ ታመመ ሰው ሆነብኝ። አንዴ አስታምሜዋለሁ፤ ሁለተኛ ግን አልችልም።”

እንዲህ የተባለ ሰው እምቢ አይልም። ካሴቱን የዚያኑ ዕለት ወደ ኮምፒውተሩ ገለበጥኩት። ገልብጬ እንደ ጨረስኩ ቴፔ ካሴቱን በላው፤ ክሩ ተበጣጥሶ በእጄ ቀረ። አልደነገጥኩም። ድምፁ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል፤ ከዚያ ወዲያ ምን ያገኘዋል? ብዬ ሥራዬን ጀመርኩ።

መጀመሪያ ነፋሱን አወጣሁ። ቀጥሎ ውሻውን፣ ከዚያ አንድ የማያቋርጥ ሳል። የተቸገርኩት በተቀባዮቹ ነው። አያ ልየው ሲያወርዱ ድምፃቸው ልስልስ፣ ጥርት ያለ ነው። እነዚያ “አሆ!” ባሉ ቁጥር ግን ድምፁ ይሰነጠቃል፤ ሶፍትዌሩ ቀይ መብራቱን ያበራብኛል። ዝቅ ባደርጋቸው ይሰነጠቃል፤ ባለሳልሳቸው ይሰነጠቃል። ሁለት ሳምንት ታገልኳቸውና በመጨረሻ ዳኛ ነኝ አይደል፣ ሁሉንም ቆርጬ አወጣኋቸው። ባዶ የቀረውን ቦታ በኢኮ ሞላሁት። አያ ልየው ብቻቸውን፣ ገደል ለገደል እያስተጋቡ፣ እንዴት እንዳማሩ! ኮምፒውተሩ ቦታ ሞልቶብኝ ስለነበር ያልተጣራውን ቅጂ አጠፋሁት። ቆሻሻው ከወጣ በኋላ ቆሻሻውን ምን ሊያደርጉት ያስቀምጡታል?

በገበያ ቀን እማማን አልጋዬ ጫፍ ላይ አስቀመጥኳቸው፤ ማዳመጫውን በሻሻቸው ላይ አጠለቅሁላቸው። የባላቸው ድምፅ ሲመጣ እጃቸው ወደ አፋቸው ሄደ። እንባቸው ወረደ። እኔ አመስጋኝ ሲመጣ የሚለበሰውን የትሕትና ፊት ለብሼ ቆሜያለሁ። ቆይቶ እጃቸው ቀስ ብሎ ወረደና ቀና ብለው አዩኝ።

“ሰዎቹስ?”

“የትኞቹ ሰዎች?”

“ደቦው ነዋ።”

ጫጫታ እንደነበረ፣ አያ ልየው ጎልተው እንዲሰሙ ብዬ እንዳወጣሁት ነገርኳቸው። ማዳመጫውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አኖሩት።

“ልየው ዕድሜውን ሙሉ ደቦ ጠርቶ ሰው ቀርቶበት አያውቅም” አሉ፤ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። “ከሞተ በኋላ አንተ አስቀረህበት። ይኸው ሰዉን በስም በስሙ ይጠራል፤ አንድም የመጣለት የለም። ራሱ ተጣርቶ ራሱ አቤት ይላል።”

ራሱ አቤት የሚለው የእኔ ኢኮ ነበር።

በዚያ አገር ደቦ ጠርቶ ሰው የቀረበት ማለት ምን እንደሆነ እኔም የገበሬ ልጅ ነኝና አውቃለሁ። ድህነት አይደለም፤ ከንፍሮ በቀር የሚያቀርበው የሌለ ድሃ አርባ ሰው ይመጣለታል። ሰው የሚቀርበት አገር የተቀየመው ነው፤ የሰው ለቅሶ ያልደረሰ፣ የሰው እርሻ ያላገዘ። እኔ አንድ ደግ ሰው ወስጄ፣ አሳምሬ፣ እንደዚያ ያለ ሰው አድርጌ ለሚስቱ መለስኩላት። ላያዘልቅ ጸሎት ለቅስፈት የሚባለው ይኼ ነው።

“የቀድሞውን አሰማኝና ይብቃኝ” አሉ።

የቀድሞው እንደሌለ ነገርኳቸው። ካሴቱን ቴፕ እንደ በላው፣ ቅጂውን እኔው በገዛ እጄ እንዳጠፋሁት፣ አንድም ሳልደብቅ። ምነው በጮኹብኝ! አልጮኹም። ካሴቱ ተቋጥሮበት የነበረውን የነጠላ ጫፍ ይዘው ባዶውን ይቋጥሩታል፣ ይፈቱታል። እኔም መሬት መሬቱን አያለሁ። ኋላ፣ “ከዚያ ጊዜ ሰው ስንቱ አለ?” ብለው ራሳቸውን ጠየቁና፣ ስም እየጠሩ በጣታቸው መቁጠር ያዙ።

እኔ መላ አለኝ ብዬ፣ ተቀባዮቹ ፍኖተ ሰላም መጥተው አንድ በአንድ ክፍሌ እየገቡ ቢቀዱ፣ የእያንዳንዱን ድምፅ ለብቻ እንደማስተካክለው አስረዳሁ።

“አንድ በአንድ የሚገባ ለምስክርነት ነው” አሉኝ። “ደቦ ቁጭ ተብሎ አይቀበሉትም። አፍ እጅን ተከትሎ ነው የሚሄደው።”

ስለዚህ ፍልሰታ ሲፈታ እኔ ሄድኩ። ከጓደኛዬ የተዋስኩትን ላፕቶፕ በላስቲክ ጠቅልዬ፣ በባትሪ የሚሠራ ስፒከርና ማይክሮፎን ተሸክሜ፣ ከጅጋ ጭቃውን እያቦካሁ ደረስኩ። የእማማን ዳጉሳ አረም ውጦታል። ከዚያ ዘመን ሰው የተረፈው መጥቷል፤ ጉልበት የከዳው ልጁን ልኳል። ስፒከሩን ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ንግግር አደረግሁ፤ እባካችሁ አትሳሉ፣ አትሳሳቁ፣ ከማይክሮፎኑ እኩል ርቃችሁ ቁሙ። በአክብሮት አዳመጡኝ። ከዚያ ያልኩትን ሁሉ ትተው በየትልማቸው ገቡ።

የአያ ልየው ድምፅ ወጣ። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ። የመጀመሪያው ስም ሲጠራ ባለስሙ እዚያው ነበሩ፤ “አሆ!” አሉ፤ ሁሉም ተቀበለ፤ ወገቡም አብሮ ጎነበሰ። ሁለተኛው ስም፣ ሦስተኛው። አባቱ ሲጠራ ልጁ ይመልሳል። አረሙ ይነቀላል፤ የእማማ እጅ ከማንም በላይ ይፈጥናል። ቀዩ መብራት አንዴ በርቶ አልጠፋም።

“ታምሩ የት አለህ፣ ክንድህን ይዘህ ና” አሉ አያ ልየው።

ታምሩ የሚባሉት ሰው ዘር ሳይተኩ ከሁለት ዓመት በፊት አርፈው ኖሯል። ማንም አልመለሰም። እጅ ሁሉ ቆመ። እዚያ ዝምታ ውስጥ የእኔ ኢኮ ብቻ፣ “ና… ና… ና…” ይላል። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ያፈርኩባት የለም።

እማማ ይታይሽ ከጎነበሱበት ቀና አሉ። “መምህር፣ ምን ትጠብቃለህ? ይጠራሃል እኮ።”

አፌን ከፈትኩ። የወጣው ድምፅ ከክራሬም የባሰ ነበር። ሰዉ ሳቀ፤ ሳቁን ሳይጨርስ ተቀበለኝ። ከዚያ በኋላ ማዳመጫውን አውልቄ ትልሙ ውስጥ ገባሁ፤ ቀረጻውን የተቆጣጠረ አልነበረም።

ቤቴ ገብቼ ስሰማው የሌለ ነገር የለም። አህያ አለ፣ ሳል አለ፣ ላስቲክ ላይ የሚወርድ ካፊያ አለ። አንዱንም አልነካሁም። አንዲት ነገር ብቻ ጎረበጠችኝ፤ ከሁሉ ቀድማ የምትገባ፣ ከሁሉ ዘግይታ የምትወጣ የእኔ ድምፅ። እማማን አስፈቅጄ ላወጣት ፈለግሁ።

“የእኔን ብቻ ልቁረጣት፤ ታበላሽባቸዋለች።”

“ከመጣ ሰው ላይ ማን ይቀንሳል?” አሉና ቀረጻውን የገለበጥኩበትን ፍላሽ ተቀብለው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት።

ቀረጻው ከስልክ ወደ ስልክ እየተገለበጠ አገር ዞረ። ስምንት ወር የደከምኩበትን ዘፈን እስከ ዛሬ ከዘመናይ በቀር የሰማው የለም፤ እሷም በግድግዳው ምክንያት ነው። ጅጋ አንድ ሱቅ ሳሙና ስገዛ ግን ያ ደቦ ሲጫወት ሰማሁት። ባለሱቁ፣ “ሁሉም ሸጋ ነው፤ ይኼ መሐል ላይ እንደ ጥጃ የሚጮኸው ማን ይሆን?” አለኝ። አላውቀውም አልኩት።

በዓመቱ፣ ነሐሴ ላይ፣ ዘመናይ በሬን አንኳኳች። “እማዬ ሐሙስ ደቦ ጠርታለች። ተቆጥረሃል” አለችኝ። ሥራ አለብኝ ልላት ነበር፤ ዝናቡም ይዘንባል፣ አንድ ያላለቀ ሚክስም ኮምፒውተሩ ላይ ተከፍቶ ተቀምጧል፤ ደግሞ ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል የአንድ መምህር መቅረት በማን ይታወቃል?

ዳሩ ግን ደቦ ላይ ሰው ሲቀር ምን ድምፅ እንዳለው ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ኮምፒውተሩን አጠፋሁና ቦቲ ጫማ ልዋስ ወጣሁ።