የፕላስቲክ ዮርዳኖስ

ውሃ መሣል ቀላል ይመስላችኋል? እኔም ይመስለኝ ነበር። ሰማያዊ መቀባት፣ ላዩ ላይ ነጭ ነጭ መስመር ማድረግ፣ አለቀ። እንዲህ የሚያስብ ሰው ወይ ሞክሮት አያውቅም፣ ወይ ገና አልተዋረደም።

ኑሮዬ ሳን ሆዜ ነው፣ ከእናቴ ጋር። ከኤርፖርት ሰው እያመላለስኩ እኖራለሁ። ሾፌሮች ተራ የምንጠብቅበት ሜዳ አለ። እዚያ ግማሹ ወንበሩን አጋድሞ ይተኛል፣ ግማሹ በፖለቲካ ይጨቃጨቃል፣ እኔ ታብሌቴን መሪው ላይ አስደግፌ እሥላለሁ። እናቴ ይህን ሥራ አትለውም። «ጨዋታህን ተውና ብላ» ነው የምትለኝ። ሰው ስለ እኔ ከጠየቃት «መኪና ይነዳል» ትላለች፤ ስለ ሥዕሉ ትንፍሽ አትልም። አንድ ቀን ብቻ፣ ሰው ፊት፣ «ልጄ ሠዓሊ ነው» እንድትል ነበር ምኞቴ። ትልቅ ነገር ጠየቅኩ?

ዕድሉ በጥምቀት መጣ። ኦክላንድ ያለችው ቤተ ክርስቲያናችን ወንዝ የላትም። ስለዚህ በየዓመቱ ፓርኪንግ ሎቱ ላይ የሚነፋ የልጆች መዋኛ እንሞላለን። ጥምቀተ ባሕራችን እሱ ነው። ምን ይደረግ? ጸበል ዕቃ አይመርጥም። ችግሩ፣ ገንዳው ጎኑ ላይ ዶልፊን ታትሞበታል። ጥርሱን ገልጦ የሚስቅ ዶልፊን። ካህናቱ እየዘመሩ ሲመጡ እሱ ይስቃል። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ተስፋዬ በዚህ ነገር ሲንገበገቡ ከርመው በመጨረሻ ኮል አደረጉልኝ።

«ስማ፣ ድሮዊንግ ትሠራለህ አሉ። አንድ ባነር ዲዛይን አድርግልንና ዙሪያውን እንሸፍነው። ዮርዳኖስ ይምሰል። ግን ሪያል ውሃ ይሁን፣ ካርቱን በቃን!»

ለእናቴ ነገርኳት። ለቤተ ክርስቲያን ነው ስላት መነጽሯን አወለቀች። መነጽሯን የምታወልቀው ነገሩ ሲከብዳት ነው።

ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ውሃ ማየት ሆነ። ኦክላንድ ያለው ሐይቅ፣ ሌክ ሜሪት ዳር ሄጄ፣ ዝይዎቹ ካልገላመጡኝ፣ ቁጭ እላለሁ። ለካ ውሃ የራሱ ቀለም የለውም፤ ከሰማዩም ከዛፉም ከሕንፃውም የለቃቀመውን ነው የሚለብሰው። አረፋው ራሱ ነጭ አይደለም፣ ወደ አመድማ ይሄዳል። ቅርብ ያለው ሞገድ ሰፋ፣ ጠቆር ይላል፤ እየራቀ ሲሄድ እየቀጠነ ይጠጋጋል። ብልጭታው መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው፣ ያውም በቁጠባ። ከበዛ ውሃው ፌስታል ይመስላል። የእኔ ለሳምንታት ፌስታል ነበር። እሥላለሁ፣ አጠፋለሁ፣ እሥላለሁ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ያሉት ሰዎች ታብሌት ሳይኖራቸው እንዴት እንዳወቁ እንጃ። እናቴ በኋላዬ ስታልፍ «አሁንም ያው ውሃ ነው?» ትላለች። ያው ውሃ ነው።

ኋላ ግን ወጣልኝ። እጄን ልነክርበት እስኪያምረኝ ድረስ ውሃ ሆነ። ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ። ጋሽ ተስፋዬ ገንዳውን አስነፍተው፣ ዙሪያውን በሜትር ለክተው ልከውልኝ ስለነበር ባነሩ በዚያው ልክ ታተመ።

በዓሉ ደረሰ። ባነሩ ገንዳውን ልክክ ብሎ ዞረው። ጋሽ ተስፋዬ እጄን ጨበጡኝ። ከዚያ የውሃው ጎማ ተከፈተ።

ገንዳ ውሃ ሲጠጣ ሆዱ እንደሚያብጥ ታውቁ ነበር? እኛ አላሰብነውም። አንድ ሙሉ ኮሚቴ፣ ላይሰንስ ያለው ኮንትራክተር ጭምር፣ ባዶውን ነበር የለካው። ገንዳው እየጠጣ እየጠጣ ሲነፋ የባነሩ መጋጠሚያ ተላቀቀና ክንድ የሚያህል ክፍተት ሆነ። በክፍተቱ ማን ብቅ ቢል ጥሩ ነው? ዶልፊኑ! በግራም በቀኝም የእኔ ሞገድ፣ መሀል ላይ እሱ፣ ጥርሱን ገልጦ።

ፕላስተር ፍለጋ ልሮጥ ስል ታቦቱ ወጣ፤ እልልታው ቀለጠ። ከዚህ በኋላ ወዴት ይኬዳል? ባለሁበት ደረቅሁ። ጋሽ ተስፋዬ መሬት መሬት ያያሉ።

ልጆቹ «ዶልፊን! ዶልፊን!» እያሉ ተጋፉ። ከልጆቹ ኋላ እናቶች መጡ። እትዬ አልማዝ የእናቴ ጓደኛ ናቸው፤ እሳቸውን ያስደሰተ ነገር እስካሁን አልተፈጠረም። አንገታቸውን አስግገው አዩና ውሃውስ ያው ውሃ ነው፣ ይሄ ዓሣ ግን ነፍስ አለው፣ ማነው የሣለው ብለው እናቴን ጠየቋት።

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ልጄ ነዋ! ሠዓሊ እኮ ነው!»

ላስረዳ አፌን ከፈትኩ። ፊቷን አየሁና መልሼ ዘጋሁት። እናንተስ ብትሆኑ?

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል፤ እኔ ውሃ ስጎረጉር ዶልፊን ወጣልኝ። ዘንድሮ ጋሽ ተስፋዬ ምንም ሥዕል የሌለበት አዲስ ገንዳ ገዙ። ሰው ሁሉ ዓሣው የታለ እያለ ስላስቸገራቸው፣ ሞገዱ መሀል አንድ ዓሣ ጣል አድርግበት ብለው ደወሉልኝ። ሣልኩት። በገዛ እጄ፣ ቆዳው እስኪያብለጨልጭ ድረስ።

እናቴ በኋላዬ ቆማ አየችው። መነጽሯን አወለቀች።

«አይ፣» አለችኝ፣ «የአምናው ይሻል ነበር።»