ዐቃቤ ሕጓና ያልታወቀው ክፍያ

በየቤተሰቡ ማንም ሳይሾማት የተሾመች፣ ደመወዝ የማትጠይቅ፣ ጡረታ የማትወጣ አንዲት ዐቃቤ ሕግ አለች። "እኛ ቤት የለችም" የምትሉ ካላችሁ፣ እናንተ ቤት ዕቃ ጠፍቶ አያውቅም ማለት ነው። አንድ ማንኪያ ይጥፋና ተመልከቱ፤ ከየት መጣች ሳትባል ከተፍ ትላለች።

የዚህን ታሪክ ፋርማሲስት ያሳደጓት እንዲህ ያሉት ሴት ናቸው። የሟች እናቷ ታላቅ እህት፣ እሷ "እቴቴ" የምትላቸው፣ ሕንፃው በሙሉ ግን "ክብርት ዐቃቤ ሕግ" የሚላቸው። ስሙ የወጣላቸው ለፌዝ ነበር፤ እሳቸው ግን እንደ ማዕረግ ተቀብለውት አረፉ። ሕግ የተማሩ እንዳይመስላችሁ። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በስልክ ኦፕሬተርነት ነው። የሰውን መስመር ሲያገናኙ ጆሯቸው የለመደውን ለመደ፤ ከሥራ የተሰናበቱት እሳቸው እንጂ ጆሯቸው አይደለም።

የምርመራ ስልታቸው አንድ ብቻ ነው። ማስረጃውን ተጠርጣሪው ራሱ ጮክ ብሎ ያነበዋል።

"አንብበው! በራስህ አፍ ይውጣ!" ይላሉ፣ መነጽራቸውን በቀሚሳቸው ጫፍ እየወለወሉ።

ቧንቧ ሠራተኛው የገዛ ደረሰኙን እያነበበ መሀል ላይ ሲደርስ ላብ አጠመቀው፤ "ይቅርታ፣ ይቺ እንኳ በስሕተት የገባች ናት" ብሎ ሰረዘ። ባለሱቁ ወተቱ የሚበላሽበትን ቀን በገዛ አንደበቱ ካነበበ በኋላ ካርቶኑን በሙሉ ከመደርደሪያው አወረደ። የሕንፃው ጥበቃማ ለምዶታል፤ በር ላይ አዲስ ማስታወቂያ ከተለጠፈ፣ እሳቸውን ገና ደረጃው ላይ ሲያይ ሳይጠየቅ ማንበብ ይጀምራል።

"ሰው ውሸቱን በዓይኑ ያልፈዋል፤ በአፉ ሲሆን ግን ጉሮሮው ላይ ይቀራል" ይላሉ ክብርትነታቸው። ፋርማሲስቷ ይህን ጥበብ ስታደንቅ ነው ያደገችው።

እንግዲህ እኚህ ሴት ባሉበት ቤት ማንሾካሾክ ምን ይሉታል? እሷ ግን አደረገችው። ሶፋው ላይ ተቀምጣ የባንክ መግለጫዋን በስልኳ ስታይ ቆየችና፣ ወደ እጮኛዋ ጠጋ ብላ፣ "ይሄን ክፍያ አላውቀውም" አለችው።

ወጥ ቤት ውስጥ የሰሃኑ ድምፅ ቀጥ አለ።

"ምን አልሽ?" ክብርት ዐቃቤ ሕግ እጃቸው ውሃ እያንጠባጠበ ብቅ አሉ። ፊታቸው እንደ ሙሽራ በርቷል። "ሌባ ገባ? አንብቢው! በራስሽ አፍ ይውጣ!"

አነበበችው። ሰምታው የማታውቀው የውጭ ድርጅት ስም፤ በኦንላይን የተከፈለ፤ ከሷ ካርድ፣ ከሷው ስልክ።

"ከስልክሽ? የስልክሽን መክፈቻ ቁጥር የሚያውቅ ማነው?"

"እኔ፣ አንቺ፣ እና..." አለችና አፏን ያዘች።

ሦስተኛው ሰው አጠገቧ ተቀምጧል። ዐቃቤ ሕግ ደግሞ ራሱን ጠርጥሮ ስለማያውቅ፣ ተጠርጣሪው ኤሌክትሪሻኑ እጮኛዋ ብቻ ሆኖ ቀረ።

"አየህ የኔ ልጅ" አሉት በሚያስፈራ ለስላሳ ድምፅ፣ "ሽቦ ከሽቦ ሲያገናኝ የሚውል ሰው፣ ካርድ ከካርድ ማገናኘት ይከብደዋል?"

"እሷን ይንሳኝ እቴቴ፣ አልነካሁም!"

"አትማል! የማለ ሁሉ ቢታመን እኔ ሥራ ፈት ነበርኩ። ሐሙስ ዕለት ስልኳን ይዘህ በረንዳ ላይ ምን ትሠራ ነበር?"

"የኔ ባትሪ አልቆ ነዋ። ደንበኛ ጋ ልደውል።"

"ደንበኛ!" አሉ ወደ ጣሪያው አንጋጠው፣ ጣሪያው ምስክር ይመስል።

ኤሌክትሪሻኑ የመሣሪያ ቦርሳውን አንስቶ በሩ ጋ ቆመ። ያየው እሳቸውን አልነበረም፤ እሷን ነው። "ሌባ ተብዬ ሙሽራ አልሆንም" አለ በዝግታ። "አንቺም ከጠረጠርሽኝ ሠርጉ ይቅር።"

"አምንሃለሁ" ልትል ፈለገች። ግን ያቺ ሐሙስ እንደ እሾህ ውስጧ ተሰክታ ቃሉን ያዘችባት። ወደ ባንኩ ደወለች፤ ድምፁንም ለሁሉም እንዲሰማ ከፍታ ክፍያውን ነገረቻቸው።

"ይገባኛል እህቴ" አለች የባንኩ ሠራተኛ፣ "ብዙ ሰው በዚህ ይደነግጣል። መግለጫው ላይ የሚወጣው የአንድ መተግበሪያ ባለቤት ድርጅት ስም ነው። መተግበሪያው ሌላ ስም አለው። ጽሑፍ በካሜራ አንስቶ፣ ዓይናቸው ለደከመ ሰዎች በድምፅ የሚያነብ ነው። መጀመሪያ ነጻ ነው፤ ካላቋረጡት ግን ከካርድዎ መቁረጥ ይጀምራል። ስልክዎ ላይ ይፈልጉት።"

የስልኳ መጨረሻ ገጽ ላይ፣ ማንም ከማይነካው ኮምፓስ ጎን አገኘችው። ነካችው። ማሽኑ በመጨረሻ የተሰጠውን ጽሑፍ፣ ያለ ምንም ይሉኝታ ለሳሎኑ አነበበ፦

"እንደ ዓይኔ ብሌን ያሳደግኋትን ልጄን በምድርበት ዕለት፣ የደስታዬ ተካፋይ እንዲሆኑልኝ..."

የሠርጋቸው ካርድ ረቂቅ ነበር። እንዲያርሙት ለእቴቴ ስትሰጣቸው፣ "ፊደሉ አነሰ፤ ለእኔ አይመጥንም" ብለው የመለሱት። የዚያን ዕለት ስልኳንም ለጓደኛዬ ልደውል ብለው ወስደው ነበር።

ቧንቧ ሠራተኛው፣ ባለሱቁ፣ ጥበቃው፣ አሁን ደግሞ እሷ። ሁሉም ለምን ጮክ ብለው እንዳነበቡ ገባት።

ክብርት ዐቃቤ ሕግ መነጽራቸውን ይወለውላሉ። መነጽሩ ከጠራ ቆይቷል።

"በትልቁ የተጻፈው 'ነጻ' የሚለው ብቻ ነበር" አሉ።

"ሄሎ?" አለች የባንኩ ሠራተኛ። "ክፍያውን ያውቁታል ወይስ ይታገድ?"

እቴቴ አገጫቸውን ቀና አደረጉ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ሕፃን ቀጥኗል። "ተናገሪ። በራስሽ አፍ ይውጣ።"

"አውቀዋለሁ" አለች ፋርማሲስቷ። "የኔ ነው። ይቀጥል።" ከዚያ ወደ በሩ ዞራ፣ "አንተንም ለአፍታ ጠርጥሬህ ነበር" አለችው። "ይቅር በለኝ።"

ኤሌክትሪሻኑ ቦርሳውን መሬት አስቀመጠ። "እርስዎስ እቴቴ፣ ምንም አይሉኝ?"

"በነጻ ተሰናብተሃል።"

"ይቅርታስ?"

"ይቅ..." አሉና ጉሮሯቸው ላይ ቀረ። እሱ ግን መሳቅ ጀምሮ ነበር።

ሰኞ ሦስቱም ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሙ ግድግዳው ላይ ያለውን የፊደል ሰሌዳ አሳያቸውና፣ "እማማ፣ ከላይ ጀምረው ያንብቡልኝ" አላቸው።

ክብርት ዐቃቤ ሕግ ሰሌዳውን አዩት። ሐኪሙንም ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

"አንተ አንብበው!" አሉት። "በራስህ አፍ ይውጣ!"

ፋርማሲስቷ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፤ እጃቸውን ግን አልለቀቀችም።