የዛገው ፒንና ሊቀ ብሎን

ሰፈር ሁሉ አንድ የማይቸኩል መካኒክ አለው። ከሌለው ሰፈር አይደለም፤ የቤት ክምችት ነው።

የእኛን ሞተር ሳይክል ጠጋኝ «ሊቀ ብሎን» እንላቸዋለን። ሹመቱን ማን እንደሰጣቸው ባናውቅም የሚሽር አልተገኘም። «ጨረሱ ወይ?» ላላቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ «ገና ነው።» አንድ ጎረቤቴ የላላች መስታወት ሊያስጠብቅ ጠዋት ገብቶ ሲወጣ ጢም አብቅሎ ነበር። ማጋነን አይደለም፣ ጢሙን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው እውነት ከሆነ፣ እንቁላሉ እግር ያወጣው እሳቸው ጋራዥ ተቀምጦ ነው።

ባለቤቴ አዋላጅ ነርስ ናት። በሞተሯ ከሊቀ ብሎን ጋራዥ በታች ያለውን ረጅም ቁልቁለት ወርዳ ነው ሥራ የምትገባው። ሰሞኑን የፊት ፍሬኗ ያፏጭ ጀመር፤ ጎማውን ይዞ የሚያቆመው ሸራ አልቋል ማለት ነው። «ሊቀ ብሎን ጋ ውሰድልኝ። አንተ ግን እንዳትነካው!» አለችኝ። ነካሁት። ሸራውን የያዘው፣ እንደ ብሎን የሚፈታው ፒን ዝጎ ከገባበት ቀዳዳ ጋር አንድ ሆኗል። ልኩ ያልሆነ ቁልፍ ወትፌ በመዶሻ ስለው፣ የቁልፉ መግቢያ ተበልቶ ክብ ሆኖ ቀረ። እሷ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተረኛ ናት።

እየገፋሁ ወሰድኩት። ሊቀ ብሎን ጎንበስ ብለው አዩት።

«ማነው እንዲህ ያደረገው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«በምን?»

«በመዶሻ።»

ፍሬኑን እንደ ታመመ ልጅ ዳበስ አደረጉት። ምነው በሰደቡኝ አልኩ።

ፍሬኑን ነቅለው ጠረጴዛ ላይ አኖሩት። ፒኑ ላይ ናፍጣ ጠብ ጠብ አደረጉና ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«አሁንስ ጋሼ?»

«ይጠጣ እንጂ።»

ናፍጣው ሲጠጣ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ከዚያ ሰው ቤት እንደመጣ እንግዳ በትንሿ መዶሻ ዙሪያውን እያንኳኩ ጆሯቸውን ጣል አድርገው ያዳምጣሉ። ሳቄን ዋጥኩ። ፍሬኑ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ጎማዎች እንዳይቃጠሉ እርጥብ ጨርቅ ጠቀለሉበትና በተበላው የፒኑ ራስ ላይ ቁልፍ የሚይዘው አንድ ዳዶ በየዱ። እስኪበርድ ጠበቁ። በመጨረሻ ዳዶውን በቁልፍ ያዙና፣ ጉድ እኮ ነው፣ ወደ ማጥበቂያው አዞሩት!

«ጋሼ፣ እኛ እኮ የፈለግነው መፍታት ነው!»

«ያኮረፈን ሰው መጀመሪያ ‹ልክ ነህ› ትለዋለህ። ልመናው ከዚያ በኋላ ነው።»

ትንሽ ወደዚያ፣ ትንሽ ወደዚህ። ቀጭ የምትል ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ያ እኔን ያላበኝ ፒን ምንም እንዳልተፈጠረ እየዞረ ወጣ። በሕይወቴ ብዙ ሊቅ ነኝ ባይ አይቻለሁ፤ ሊቅ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

«ወጣ!» ብዬ ጮህኩ።

«ገና ነው።»

«ኧረ እጅዎ ላይ ነው!»

«ገና ነው አልኩህ።»

አሮጌው ሸራ ከጥፍሬ ይሳሳል። ባለቤቴ በዚህ ነበር ቁልቁለቱን የምትወርደው። አዲስ ሸራ አስገቡ፣ አዲስ ፒን ግሪስ ቀብተው አሰሩ፣ ሜዳው ላይ ነድተው ሞከሩት።

ባለቤቴ ሄልሜቷን አንጠልጥላ ስትደርስ፣ ዳዶ የተበየደበት ፒን ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። አንስታ አገላበጠችው፤ እኔንም አየት አደረገችኝ።

«ምን ሆኖ ነው ጋሼ?»

«ዝገት ነው ልጄ። ክፉ ዝገት።»

ብሎን እንኳ ዋሽተው የማያውቁት ሰውዬ ለእኔ ሲሉ ዋሹ። አመስግናቸው ሞተሯን አስነስታ ሄደች።

ያኔ ሊቀ ብሎን ሮጡ። አዎ፣ ሮጡ! ሻያቸውን ደፍተው፣ ነጠላ ጫማቸውን ጥለው የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቆሙ። ተከትያቸው ስደርስ ዓይናቸውን ከቁልቁለቱ አልነቀሉም። ሞተሯ ወደ ታችኛው መታጠፊያ ትምዘገዘጋለች። መታጠፊያው ጋ ስትደርስ የኋላ መብራቷ ቀይ ሆነ፤ ቀዝቀዝ አለች፣ ታጠፈች።

በናፍጣ እጃቸው ትከሻዬን ጨበጥ አደረጉኝ። እድፉ ከሸሚዜ እስከ ዛሬ አልለቀቀም፤ እኔም አላሳጥበውም።

«አሁን ወጣ» አሉ።