ሰርቨሩን የጣለው ማን ነው?

ሥራ ፈቶ የተቀመጠ ነገር ሳይ ያመኛል። እናንተስ? ደብረ ታቦር ላይ ያቋቋምኩት ትምህርት ቤት አርባ ስምንት መስኮትና ሰባት መቶ አሥራ ሁለት ወንበር አለው፤ ቆጥሬያለሁ። የሰርቨሩ ዲስክ ለምን ይቀራል ብዬ እሱንም አስቆጠርኩ።

የኮምፒዩተር ባለሙያችን ትዕግሥት ለካ ሰፊ ቦታ ለይታ ይዛለች። ምንድን ነው ብላት፣ «ደምፕ የሚጻፍበት ነው ጋሼ» አለችኝ። ሰርቨሩ ድንገት ሲወድቅ በዚያች ቅጽበት በሚሞሪው የያዘውን እዚያ ይገለብጣል፤ በኋላ ሲነበብ ምን እንደጣለው ይታወቃል ማለቷ ነው። ለመውደቂያው ቦታ ይያዝለት? አስጠፋሁት።

ብዙም ሳይቆይ ወደቀ። በሳምንቱ ደገመ። አራተኛው ላይ የተማሪዎች ውጤት ሲመዘገብ ወደቀና፣ ትዕግሥት ትሰናበት አልኩ። እሷ ሦስት ሽማግሌ ላከችብኝ። ሽማግሌ ደጃችሁ ከቆመ ምን ታደርጋላችሁ? አስገባኋቸው።

ዋናው ሽማግሌ አለቃ ጥሩነህ፣ «ያየ ምስክር አለ?» አሉ።

«ያየው ራሱ የወደቀው ነው፤ ጋሼ ግን አፉን ዘግተውታል» አለች ትዕግሥት።

ሦስቱም ዞረው አዩኝ። እንግዲያው አፉ ይከፈት ተባለ። ሙሉው ደምፕ የሚሞሪውን ያህል ቦታ ይፈልጋል፤ ሠላሳ ሁለት ጊጋ! ተከራከርኩ። ዋና ዋናውን ብቻ የሚይዝ ትንሽ ደምፕም አለ አለች። ትንሹ ይሁን አልኩ። ምስክር ምን ያንዛዛዋል?

በሦስተኛው ቀን ወደቀ። ሽማግሌዎቹ ተጠሩ፤ ትዕግሥት ፋይሉን ከፍታ አነበበች። የጣለው የአንድ መሣሪያ ሶፍትዌር ነው። የየትኛው መሣሪያ? በር ላይ የሚገባውን ሰው እንዲቆጥርልኝ እኔው ገዝቼ፣ እኔው በእጄ ሰርቨሩ ላይ የሰካሁት።

ትዕግሥት በሥራዋ ትቀጥል፣ እኔ ሠራተኛውን ሰብስቤ ይቅርታ ልጠይቅ ተብሎ ተፈረደ። እዚያው ሃያ ስድስት ሰው ፊት ጎንበስ አልኩ። ተገላገልኩ ስል አለቃ ጥሩነህ፣ «አንድ ጎደለ» አሉ።

እኔ ቆጥሬ ልሳሳት? «ማን ቀረ?» አልኳቸው።

«አምስት ጊዜ የጣልከው ነዋ!»

ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። ምን ይደረግ? ገብቼ ሰርቨሩ ፊት ጎንበስ አልኩ። ጎንበስ ካልኩ አይቀር ብዬም የቆጣሪዬን ገመድ በዚያው ነቀልኩት። ለእሱ ደግሞ ሌላ ቀን ለብቻው ማን ጎንበስ ይላል?